ጠጉር የሌለው አባጨጓሬ

ከአዘዞ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «ልጄ ከጓሮ ቅጠል ላይ አረንጓዴ፣ ልሙጥ፣ እግሩ የማይታይ ነገር አገኘችና አባጨጓሬ ነው አለች። እኔ ደግሞ ጠጉር ከሌለው ትል ነው አልኳት። ማናችን ነን ልክ? አባጨጓሬስ የዝርያ ስም ነው?»

እኔ በእርስዎ ወገን ነኝ። «ጨጓሬ» የመጣው ከግእዙ «ፀጕር» ነው፤ አያቶቻችን ጠጉር ከሚሉት። («ጭገር»ም ዘመዳቸው ነው፤ በሰው ፊት ግን አናነሳውም።) የ«ጕ» ድምፅ በ«ጓ» ውስጥ ቁጭ ብላለች፤ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይምጣ? «አባ»ም እንደ አባ ታጠቅ ያለ የማዕረግ ጥሪ ነው። ባለጠጉሩ ጌታ እንደማለት።

«የለም፣ ሆዳም ስለሆነ ከጨጓራ ነው» የሚሉ አሉ። አይዋጥልኝም። እንዲያውም ጨጓራ ሲያጥብ የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ ጠጉራም ፎጣ ነው የሚመስለው። ስሙን ያገኘው ከዚያው ከፀጕር ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

የልጅዎ ግኝት እንደነገሩኝ ከሆነ ሊማኮዲዴ የሚባለውን አስተኔ (የተዛመዱ ነፍሳት ቤተሰብ) ይመስላል። ስሙ ከላቲኑ «ሊማክስ» ነው፤ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ማለት ነው። ሆዱ ሥር በእግር ፈንታ የሚጣበቅ አካል ስላለው አይራመድም፣ ይንሸራተታል። ታዲያ ይህን «ቀንድ አውጣ አባጨጓሬ» ብለን እንተርጉመው የሚሉ አልጠፉም። ቀንድ የለው፣ ጠጉር የለው! በአንድ ስም ሁለት ውሸት።

ሁሉም ልሙጥ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የቡና ቅጠል የሚበላው ፓራሳ ቪቪዳ እሾሃም ነው፤ ሲነኩት እንደ ሳማ ይለበልባል። እሱን አባጨጓሬ ቢሉት አልከራከርም። ልጅዎም በባዶ እጅ ባትነካካ ይሻላል።

ዝርያን በተመለከተ፣ አባጨጓሬ ዝርያ አይደለም፤ ዕድሜ ነው። ይሄኛው ሲያድግ የእሳት እራት ይሆናል። ዝርያ በወገን፣ ወገን በአስተኔ፣ አስተኔ በክፍለ መደብ ሥር ነው። በሊማኮዲዴ ውስጥ ብቻ ከ1000 በላይ ዝርያዎች አሉ። ክፍለ መደቡ ሌፒዶፕቴራ ነው፤ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኔየስ በ1758 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሰየመው። ትርጉሙ ባለ ቅርፊት ክንፍ ነው። ቢራቢሮም እዚያው ናት።

አሁን የማልወደውን ልናገር። ሰው ሁሉ ጠጉር ኖረውም አልኖረውም አባጨጓሬ ይለዋል። የገዛ የልጅ ልጄም እንደዚያው። በሥርወ ቃሉ እርስዎ ረትተዋል፤ በአጠቃቀሙ ግን ልጅዎ ናት የረታችው። እኔ ልሙጡን ትል ማለቴን አልተውም።