እጅህ ደነዘዘ? አንገትህን አሳየኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በቱሉ ዲምቱና በቃሊቲ መሃል በሚመላለስ ታክሲ ላይ ረዳት ነኝ። ዕድሜዬ 38 ነው። ከፋሲካ ወዲህ ከቀኝ ትከሻዬ ተነስቶ፣ በክንዴ ውጭ በኩል ወርዶ፣ አውራ ጣቴና ጠቋሚ ጣቴ ድረስ የሚነዝረኝ ነገር መጣብኝ። የሰበሰብኩት ብር ከጣቴ መሃል እየሾለከ ይወድቃል። ሌሊት እጄን አናቴ ላይ ካላደረግሁ እንቅልፍ የለም፤ ባለቤቴ “እንደ ሐዘንተኛ እጅህን አናትህ ላይ አትጫን፣ ሟርት ነው” እያለች ታወርደዋለች። ጓደኞቼ የነርቭ መርፌ ተወጋ ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ወጌሻ አንዴ አንገትህን ቢያንቋቋው ይለቅሃል ባይ ናት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዶክተር አይደለሁም፤ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ለሹመቱ ግን አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው “እጄን ያመኛል” ብሎ ብቻ ይጽፍልኛል። አንተ ግን የትኛው ጣት እንደሆነ ነገርከኝ። እኔ የምፈልገው ወሬ ይኸው ነው።

ከአንገት የሚወጡ ነርቮች የእጃችንን ቆዳ ተከፋፍለው ይዘውታል። አውራ ጣት በአብዛኛው የስድስተኛው የአንገት ነርቭ ድርሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጠቋሚውንም ይጨምራል። መሃል ጣት የሰባተኛው፣ ትንሿ ጣት የስምንተኛው። ስድስተኛው ነርቭ የሚወጣው በአምስተኛውና በስድስተኛው የአንገት አከርካሪ መካከል፣ በጎን በኩል ባለች ጠባብ ቀዳዳ ነው። እዚያ ያለው ዲስክ፣ ማለትም በሁለቱ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ሲገፋ፣ ወይም በዕድሜ ብዛት የአጥንቱ ጠርዝ ሲያድግ፣ ቀዳዳዋ ትጠብና የነርቩ ሥር ይጫናል። ሥሩ ስሜት የሚያመጣውንም ጡንቻ የሚያዘውንም ክር አንድ ላይ ስለያዘ፣ መደንዘዝና መድከም ተያይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ብሩ የሚወድቅብህ ጣትህ በደንብ ስለማይሰማው ይሁን ጡንቻህ ስለደከመ፣ ይህን በደብዳቤ አልነግርህም። ክንድህን የሚያጥፈውን፣ የእጅህንም አንጓ ወደ ላይ የሚያነሳውን ጡንቻ አንድ ባለሙያ በእጁ ገፍቶ መፈተሽ አለበት።

ባለቤትህን ንገራት፤ ሟርት አይደለም። ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ የተወጠረው የነርቭ ሥር ይላላል፤ ሰውነትህ ማንም ሳያስተምረው ያገኘው ዘዴ ነው። እኛም ታማሚውን “እስቲ እጅህን አናትህ ላይ አድርግ” እንለዋለን፤ ከቀለለው ጥርጣሬያችን ወደ አንገት ያዘነብላል። ለእሷ ሲባል የሚወርድ እጅ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራህ ልምጣ። እኔም የምሳፈረው ከዚያው ከቱሉ ዲምቱ ነው፣ ረዳቶችን ደግሞ የማየው ሥራዬ አስገድዶኝ ነው። ጣሪያው ዝቅ ባለ ሚኒባስ ውስጥ ወገቡን ሰብሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ብሩን በቁመቱ አጥፎ በጣቶቹ መሃል እየሰካ ሒሳብ ይሰበስባል። ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ነው፤ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ማለት ነው። አንገት በተደፋ ቁጥር ያንን ክብደት የማጅራት ጡንቻዎች ከኋላ ይዘው ይቆያሉ፤ ማታ ከአንገትህ ሥር እስከ ትከሻህ ጫፍ እንደ ድንጋይ የሚጠጥርብህ እሱ ነው። ይህ ግን ቀላሉ ነው። ወዲያው ደግሞ በቀኙ መስኮት አንገቱን ያወጣና አገጩን ቀና አድርጎ፣ ወደ ቀኝ ዞሮ “ቃሊቲ! ቃሊቲ! የሞላ!” ይላል። አንገትን ወደ ኋላ አጋድሎ ወደታመመው ጎን ማዞር ደግሞ የነርቩን ቀዳዳ ክፉኛ ያጠበዋል። ምርመራ ክፍል ውስጥ በጥንቃቄ፣ ለጥቂት ሰከንድ፣ ሆን ብለን የምናደርገው ፈተና ነው፤ ክንዱ ከነዘረ ነገሩ ከአንገት ነው እንላለን። አንተ ይህን ፈተና ከማለዳ እስከ ማታ ራስህ ላይ ትሠራለህ።

ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት አንገትህን በመስኮት አታውጣ። ተራ ባለበት ፌርማታ ተራ አስከባሪው ይጥራልህ፤ ሌላ ቦታ ውረድና መላ ሰውነትህን አዙረህ ጥራ። ሾፌሩ ቢያጉረመርም ታገሠው። ማታ ጀርባህን ግድግዳ አስደግፈህ ተቀመጥ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳታይ አገጭህን ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ ሳብ፣ 5 ሰከንድ ያዝ፣ ልቀቅ። 10 ጊዜ በቂ ነው። በአንገትህ ፊት በኩል ከጉሮሮ ጀርባ ያሉትን የተረሱ ጡንቻዎች ያሠራቸዋል። ንዝረቱ ወደ ጣትህ የሚብስ ከሆነ ግን ተወው።

መርፌውን በተመለከተ፦ የነርቭ መርፌ የሚሉት ብዙውን ጊዜ ቫይታሚን ቢ ነው፤ እጥረቱ ላለበት ሰው ይጠቅማል፤ የተጫነ የነርቭ ሥር ግን አያላቅቅም። ወጌሻ ደግሞ፣ እናትህን አክብሬ፣ ለአንገት አይሆንም። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሁለት ቧንቧዎች፣ ግራና ቀኝ፣ ብዙውን ጊዜ ከስድስተኛው የአንገት አጥንት ጀምረው በአጥንቶቹ የጎን ቀዳዳ ውስጥ ነው የሚያልፉት። አንገት በድንገት ሲጠመዘዝ ግድግዳቸው ሊሰነጠቅና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ያጋጠመው ሰው ግን አልጋ ላይ ሊቀር ይችላል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ንዝረቱ ከእንቅልፍ ቀስቅሶህ እጅህን ስታራግፈው ይተውሃል? አንገትህን ብታዞር ምንም ለውጥ የለውም? እንዲያ ከሆነ ችግሩ ከእጅ አንጓህ ሊሆን ይችላልና ለሚያይህ ባለሙያ ይህንንም ንገረው። የአንገቱ ሕመም በብዙ ሰው ላይ ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይሻለዋል። እግርህ ከተብረከረከ፣ ሸሚዝ መቆለፍ ካቃተህ፣ ሽንትህ ካስቸገረህ ወይም ክንድህ ቀን በቀን እየደከመ ከሄደ ግን ኅብለ ሰረሰሩ ወይም ነርቩ ክፉኛ ተነክቶ ይሆናልና በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂድ።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። አንገት ላይ 7 አጥንት ሆኖ ሳለ ነርቩ እንዴት 8 ጥንድ ሆነ? መምህራችን “እንዲሁ ያዙት” ብሎ አለፈው።

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲሁ መያዝ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ነርቭ የሚወጣው በራስ ቅልና በመጀመሪያው አጥንት መካከል ነው። ከዚያ እስከ ሰባተኛው ድረስ እያንዳንዱ ነርቭ ከስመ ሞክሼው አጥንት በላይ ይወጣል። ከሰባተኛው አጥንት በታች አንድ ተጨማሪ ስለሚወጣ ስምንተኛ ተባለ። ከዚያ ወደ ታች ሁሉም ከየአጥንቱ በታች ነው፤ 12 የደረት፣ 5 የወገብ፣ 5 ከዚያ በታች፣ 1 የጭራ፣ ከአንገቱ 8 ጋር በድምሩ 31 ጥንድ። በአምስተኛውና በስድስተኛው አጥንት መካከል ያለ ዲስክ ስድስተኛውን ነርቭ የሚጫነውም ለዚህ ነው። ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ለመተንፈሻው ጡንቻ ለድያፍራም ነርቭ ይሰጣሉ፤ ፈተና ላይ ይመጣል።

መስታወት ፊት ቁሚና ወደ ግራ ዙሪ። ከቀኝ ጆሮሽ ጀርባ ተነስቶ በሰያፍ እስከ ደረትሽ አናት የሚወርደው ገመድ ብቅ ይላል፤ የቀኙ ጡንቻ ፊትን ወደ ግራ ያዞራል። እሱና ትከሻ ላይ የተዘረጋው ሰፊ ጡንቻ ግን ዋና ትእዛዛቸውን የሚቀበሉት ከአሥራ አንደኛው የራስ ነርቭ ነው፤ ተማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት እዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከኮዬ ፈጬ ነው። የአንድ ወር ልጄ ጭንቅላቱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ፊቱ ወደ ግራ ይዞራል። አንገቱ ቀኝ በኩል ትንሽ ጠጣር እብጠት አለ። አማቴ በቅቤ አጥብቀሽ እሺው ትላለች።

መልስ፦ እናቱ፣ አይዞሽ። የነገርሽኝ ሁሉ ለዚያችው ተማሪ ያወራሁለት የቀኙ ጡንቻ ማጠሩን ይመስላል። እብጠቱ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይጠፋል። ቅቤ ቢቀባ ግድ የለም፤ እብጠቱን መጫንና አንገቱን መጎተት ግን ይቅር። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ አንገቱን ብቻ ሳይሆን የዳሌውን መገጣጠሚያም እንዲያዩት ጠይቂ፣ ሁለቱ አንዳንዴ አብረው ይመጣሉና። ቶሎ የተጀመረ ማሳሳብ ጥሩ ውጤት አለው፤ አሠራሩን ግን ባለሙያ በልጁ ላይ ያሳይሽ። እስከዚያው ስታስተኚው በሩና መስኮቱ ከቀኙ ይሁኑ፤ አንቺም ስታጫውቺው ከቀኙ ተቀመጪ። ነቅቶ ሳለ አንቺው አጠገቡ ሆነሽ በሆዱ አስተኚው፣ አማትሽም በቀኙ በኩል ይጥሩት።