ሞተሮቹን ቁጠሩልኝ

ልጆች፣ ስለ አገር ደኅንነት ስትከራከሩ አነባለሁ። ወሬው ሁሉ ድሮንና ድንበር ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በውኃ ሥራ ነው፤ ጠብ ሲጀመር ያየሁትም አብዛኛውን ጊዜ ቦይ ዳር ነው።

ሐሮማያን ላንሳላችሁ፣ በኛ ጊዜ ዓለማያ የምንለውን። ሐይቁ ሐረርን ያጠጣ ነበር። ዳር ዳሩን ጫትና አትክልት ነው፤ ገበሬው በሞተር ይስባል። ውኃው ሲሸሽ ሞተሩን ወደፊት ያስጠጉታል፣ ቱቦ ይቀጥሉበታል፣ እሱም አልደርስ ሲል ጭቃው ላይ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ከኮረብታው የሚታጠበው አፈር ደግሞ ከላይ ይሞላዋል፤ መሬት ያነሰው ሰው ዳገቱንም ያርሳላ! በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ የነበረበት ቦታ ላይ ከብት ይግጥ ነበር። ሐረርም ውኃ ከድሬዳዋ በኩል ሽቅብ ተገፍቶ እስኪመጣላት ድረስ ጀሪካን ይዛ ተሰለፈች።

አንድ ሽማግሌ «ማን አደረቀው?» ብላቸው ሳቁብኝ። «አባቴ ሞተር አልነበራቸውም። እኛ አምስት ወንድማማቾች ነን፣ ሞተሩም አምስት ነው» አሉኝ። የልጆቻቸውን ቁጥር ሳልጠይቅ ተመለስኩ።

በ1987ቱ ቆጠራ 53 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነበርን፣ በ1999 ደግሞ ወደ 74 ሚሊዮን። በ12 ዓመት 20 ሚሊዮን ሰው! ከዚያ ወዲህ አልተቆጠርንም፤ የሚቀጥለው ቆጠራ ሲራዘም ሲራዘም ቀረ። ስንት ሰው እንደሚጠጣ ሳታውቅ ቱቦ መዘርጋት ምን ማለት እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ።

ታዲያ እናቶችን እንዳትወቅሱ፣ እሱ ያናድደኛል። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የገጠሯ እናት በአማካይ ከ5 ልጅ በላይ ስትወልድ የአዲስ አበባዋ 2 እንኳ አትሞላም። ያው ኢትዮጵያዊት ናት፤ ልዩነቱ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና የምታገባበት ዕድሜ ነው። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል፣ መሬቱ ግን አብሮ አያድግም። ምንም ያልደረሰው አምስተኛው ልጅ ከተማ ገብቶ ሥራ ካጣ፣ ክላሽ ይዞ ለሚጠራው ሰው ጆሮ ቢሰጥ ምን ይገርማል?

ስለዚህ የግጭት ወሬ ስትሰሙ፣ እነማን ከእነማን ብላችሁ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት፣ ጉድጓዱ የት ነው፣ ግጦሹን ስንት ሰው ይካፈለዋል ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ጋ ነው።

ሐሮማያ ባለፉት ዓመታት ውኃ መልሶ ይዟል፣ ፎቶውን አይቼ እንደ ሕፃን ደስ ብሎኛል። በዚያ የምታልፉ ካላችሁ ግን ከፎቶው ጋር ዳር ላይ ያሉትን ሞተሮች ቁጠሩልኝ።