ቁጥሩ ከየት መጣ? ለኅብረተሰብ ሳይንስ ሠልጣኝ መምህራን

ውድ ሠልጣኞች፣

ለልምምድ በምትወጡባቸው ትምህርት ቤቶች ከክፍሉ ጀርባ ተቀምጦ ማስታወሻ የሚይዘው ሱፐርቫይዘር ለብዙ ዘመን እኔ ነበርኩ። አንድ ሠልጣኝ የኢትዮጵያን የሕዝብ ብዛት ሲያስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «በሬዲዮ የሰማሁት ግን ሌላ ነው» አለችው፤ እሱም «መጽሐፉ ያለውን ጻፊ» ብሏት ወደ ሰሌዳው ዞረ። የትምህርት ዕቅዱ ላይ ግን የማስተማሪያ ዘዴው «መጠየቅና መመርመር» ተብሎ ባማረ የእጅ ጽሕፈት ሰፍሯል።

የልጅቷ ጥያቄ የሳምንት ትምህርት ይወጣው ነበር። አገራችን አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ ያካሄደችው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ኤርትራን የጨመረ ሲሆን፣ በጸጥታ ምክንያት ቆጣሪ ያልደረሰባቸው አካባቢዎች በግምት ተሞልተዋል፤ አራተኛው ቆጠራ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ በተደጋጋሚ ተራዘመ። ስለዚህ ዛሬ የምንሰማው አኃዝ በአመዛኙ፣ ወደ 74 ሚሊዮን ሕዝብ በተመዘገበበት በ1999ኙ ቆጠራ ላይ የወሊድ፣ የሞትና የፍልሰት ግምት እየታከለበት የተሰላ ትንበያ ነው፤ ግምቱ ሲለያይም ውጤቱ ይለያያል። መጽሐፉም ሬዲዮውም ሳይዋሹ ሊለያዩ ይችላሉ።

ብዙዎቻችሁ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከተማሪዎች ጋር ለመመርመር ጊዜ አይበቃንም ትላላችሁ። ክፍለ ጊዜው አጭር መሆኑ አይካድም፤ ለእኔ ግን ዋናው ምክንያት መልሱ አስቀድሞ ያልታወቀ ጥያቄ በኮሌጅ ቆይታችሁ እምብዛም ስለማይቀርብላችሁ ይመስለኛል። የምትሠሩት ተግባራዊ ምርምር እንኳ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመፍትሔው ነው፤ ተማሪዎች ለምን እንደሚያረፍዱ ማንም ሳይጠይቃቸው «ወላጆችን ማወያየት» የሚለው ክፍል ተጽፎ ያልቃል። (ካለፈው ዓመት ተመራቂ ተወርሶ የትምህርት ቤቱ ስም ብቻ የተቀየረበትን ጥናት እናንተም አስተማሪዎቻችሁም ስለምታውቁት አልፈዋለሁ።)

ለልምምድ የምትመደቡበት ሰፈር እድር አያጣም፤ እድሩም መዝገብ አለው። ዳኛውንና ጸሐፊውን በአክብሮት አስፈቅዳችሁ፣ ተማሪዎቻችሁ በቡድን ሄደው የአባላቱን ብዛት ይጠይቁ፤ የማንም ስም አይገለበጥም። በማግስቱ ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ዋናው ሥራ ይጀመራል። መዝገቡ የሚቆጥረው ሰውን ነው ወይስ አባወራን? በባሏ ስም የገባች ሚስት የት ትቆጠራለች? ተከራዩ፣ ባለፈው ወር ከገጠር የመጣው የቀን ሠራተኛ፣ መዋጮ መክፈል አቅቶት የወጣውስ? የቀበሌው አኃዝ ከእድሩ ጋር ሲተያይ የሚበልጠው የትኛው ነው፣ ለምንስ? ከተማሪዎቹ አንዱ የማትመልሱትን ቢጠይቃችሁ «አላውቅም፤ ማንን ብንጠይቅ ይሻላል?» በሉና ጥያቄውን በሰሌዳው ጥግ ጻፉት፤ መልስ ይዘው እስኪመጡም ተረኛ ጠራጊው እንዳያጠፋው ንገሩት።