የድሮ ዶልፊን ውሃ ሲቀየር አየሩ እንዴት ይወጣል? ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ! የድሮ ቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ፣ ዶልፊን የምንላት፣ የራዲያተር ውሃ ከተቀየረላት በኋላ አፈላች የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ ዛሬ ያላችሁን ሁሉ ጠይቁኝ። እኔ ባየሁት ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የውሃ እጥረት ብቻ አይደለም፣ ውስጥ ተደብቆ የቀረ አየር ነው።

ጥያቄ፦ ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞልቼ ዘጋሁት፣ ትንሽ ነድቼ ሲቀዘቅዝ ስከፍተው ጎድሏል። የሚያፈስ ቦታ የለም። የት ሄደ?

መልስ፦ የትም አልሄደም ወንድሜ፣ መጀመሪያም አልሞላም። ሞተሯ ወንበር ስር ነው፣ ራዲያተሩ ፊት ነው፣ የኋላ ሂተር ካላት ደግሞ ቱቦው በሆዷ ስር እስከ ኋላ ይሄዳል፣ አየር የሚቀመጥበት ቦታ ሞልቷል። ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርገህ አቁማት፣ የራዲያተሩ አፍ ከሁሉም በላይ እንዲሆን። ሂተሩን የፊቱንም የኋላውንም ሙቅ ላይ መጨረሻ አድርሰው፣ ቫልቩ ካልተከፈተ ውሃ አይገባበትም። ከዛ ቀስ ብለህ እየሞላህ ቱቦዎቹን በእጅህ ጨመቅ ጨመቅ አድርግ፣ ብልቅ ብልቅ ሲል ይሰማሃል። ክዳኑን ሳትዘጋ አስነሳና በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) ተዋት፣ አልፎ አልፎ በደቂቃ እስከ 2,000 ዙር ነዳጅ ስጣት፣ ፊትህን ግን ከአፉ አርቅ። ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈው ቫልቭ) 80 ዲግሪ አካባቢ ሲከፍት ውሃው ድንገት ዝቅ ይላል፣ ያኔ ነው ብዙ ሰው ጨርሻለሁ ብሎ የሚሄደው፣ አንተ ጨምርበት። ሁለቱም ትልልቅ ቱቦዎች ሞቀው፣ ሂተሩም ትኩስ ነፍቶ፣ አረፋው ሲቆም ዝጋ። ጠዋት ቀዝቅዛ እያለች ደግመህ ሙላ።

ጥያቄ፦ መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው፣ "ለኢትዮጵያ አያስፈልግም" አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል። ሞተሩ የሚገባውን ያህል ሳይሞቅ ሲሰራ ናፍጣ ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይቆሽሻል። በብዙ ቶዮታ ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፍት ውሃው ራዲያተሩን የሚዘልበትን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል፣ ካወጣኸው ብዙው ውሃ ራዲያተር ሳይነካ እዛው ሞተር ውስጥ ይዞርና ዳገት ላይ ብሶበት ታፈላለች። አዲስ ግዛ፣ ትንሿ የአየር ቀዳዳ ወደ ላይ እንድትሆን አድርገህ ግጠም፣ አየሩ የሚያልፈው በሷ ነው።

ጥያቄ፦ የሙቀት ጌጁ ኖርማል እያሳየ ቴስታታው ተበላሸ፣ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ጌጁ የሚለካው ሴንሰሩ የነካውን ነው። ሴንሰሩ አየር ውስጥ ከቀረ ሞተሩ እየነደደም ዝቅ ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ሂተሩ ድንገት ቀዝቃዛ ከነፋ ጌጁን አትመኑ፣ ቁሙ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ለምን? ውሃ አይበቃም?

መልስ፦ እንደውም እዚህ ይብሳል እህቴ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ጤነኛ ከሆነ በግፊቱ የሚፈላበትን ወደ 115 ያደርሰዋል፣ ጎማው ከደረቀ ግን ያ ሁሉ ይቀራል፣ ስለዚህ ክዳኑንም ቀይሪ። የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ውስጡን ነጭ ቅርፊት ያስይዘዋል። ኩላንትና ዲስቲልድ ውሃ (የባትሪ ውሃ የሚሉትን) እኩል በእኩል አድርጊ፣ የባትሪ ውሃ ስትይ ግን አሲድ እንዳይሰጡሽ እይ። ቀለም አይቶ መቀላቀል አያዋጣም፣ አንድ አይነት ቀለም ሆኖ ኬሚካሉ ሊለይ ይችላል። የወጣውን አሮጌ ኩላንት መሬት ላይ አትተዪው፣ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም ልጅም ይቀምሰዋል፣ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ አባይ በረሃ ዳገቱ ላይ ጌጁ ሲወጣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኤሲ ዝጋ፣ ሂተር ሙሉ ክፈት፣ ማርሽ ቀንስ፣ ጥግ ያዝ። ውሃ ካልፈሰሰ በሚኒሞ ትንሽ አሰራት፣ ከፈሰሰ ወዲያው አጥፋ። ክዳኑን በሙቀቱ እንዳትነካ፣ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አትድፋ፣ ቴስታታ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ እኔ ጀርመን ነው ያለሁት፣ የድሮ ፎልክስዋገን ቲ3 አለኝ። ያው ነው?

መልስ፦ ሀሳቡ ያው ነው፣ ግን ያንተ ሞተር ኋላ ራዲያተሩ ፊት ስለሆነ ከ15 ሊትር በላይ ይይዛል። ፊቷን በክሪክ አንሳ፣ ራዲያተሩ ላይኛው ጫፍ ያለችውን ብሎን ፈታ አድርግ፣ አረፋ የሌለው ውሃ እስኪወጣ ጠብቅና እሰር።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አደረግኩ፣ አረፋው ግን አያቆምም።

መልስ፦ እንግዲያው ያ የቀረ አየር አይደለም፣ ከሞተሩ ማቃጠያ ወደ ውሃው የሚገባ ጭስ ነው። ጠዋት አስነስተህ ገና ሳትሞቅ የላይኛውን ቱቦ ያዘው፣ በደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) ተበልቷል፣ ውሃ መጨመሩን ተውና ቴስታታውን አስወርደህ ቀጥ ማለቱን አስለካ።