የሞተር ሳይክል ዘይት ልኩ የት ነው? ጥያቄና መልስ

ሞተር ሳይክል ከሚነዱ ወዳጆቼ በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ ስለ ዘይት ነው። ዛሬ የተሰበሰቡትን በየተራ እመልሳለሁ። የምለው ፎር ስትሮክ ለሚባሉት፣ ለአብዛኞቹ ሞተሮች ይሠራል። የእናንተ ሞተር መመሪያ ደብተር የተለየ ነገር ካለ ግን እሱን ስሙ፤ ሞተሩን የሠራው ሰው ከኔ የበለጠ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ሳየው ዘይቱ ልክ ነው። ማታ ስመለስ ሳየው ከመለኪያው ታችኛው መስመር በታች ወርዷል። በአንድ ቀን የት ይገባል?

የትም አልገባም። ሞተሩ ሲሠራ ፓምፑ ዘይቱን ከታች ካለው ቋት እየሳበ ወደ ላይ ይልከዋል፤ ወደ ካምሻፍቱ፣ ወደ ቫልቮቹ፣ ወደ ፒስተኑ። ልክ እንዳጠፋኸው ካየኸው ከፊሉ ገና ላይ ነው፣ እየተንጠባጠበ በመውረድ ላይ ነው። ስለዚህ ያነሰ ይመስልሃል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያድር ደግሞ ሁሉም ወርዶ ይሰበሰባል።

ብዙ መመሪያዎች የሚሉት እንዲህ ነው፦ ሞተሩን አስነሳና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳትሰጠው፣ ይሥራ። አጥፋው። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ጠብቅ። ከዚያ እይ። ማስነሳቱ ዘይቱ ፊልትሮውንና ቱቦዎቹን እንዲሞላ ነው። መጠበቁ ላይ የቀረው እንዲወርድ ነው። ዋናው ነገር ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ማየት ነው። አንድ ቀን በብርድ፣ አንድ ቀን በትኩሱ እያየህ ካወዳደርክ ያልጎደለውን ዘይት ስትጨምር ትኖራለህ።

ጥያቄ፦ የዘይት መለኪያ ዘንጉን ጠምዝዤ አስገብቼ ነው የማየው ወይስ ሳልጠመዝዝ? አንዱ መካኒክ ጠምዝዘው ይለኛል፣ ሌላው አትጠምዝዘው ይለኛል።

ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፣ የሚያወሩት ስለተለያየ ሞተር ከሆነ። አብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ሳይጠመዘዝ ነው የሚታዩት። መለኪያውን ፈትተህ ታወጣለህ፣ በንጹህ ጨርቅ ትጠርገዋለህ፣ የሚጠመዘዘው ጥርሱ የመሙያው አፍ ላይ እስኪያርፍ ትከተዋለህ፣ ሳታዞር መልሰህ ታወጣዋለህ። አንዳንድ ሞተሮች ግን እስከ መጨረሻ ጠምዝዘህ ፈትተህ እንድታይ ያዛሉ።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልህ። መለኪያውን በእጅህ ያዝና ጥርሱን ከሁለቱ መስመሮች ጋር አስተያየው። ብዙ ጊዜ የጥርሱ ርዝመትና በላይኛውና በታችኛው መስመር መካከል ያለው ርቀት ተቀራራቢ ናቸው። ሳይጠመዘዝ መታየት ያለበትን ጠምዝዘህ ካየኸው ዘንጉ ወደ ታች ጠልቆ ስለሚገባ ዘይቱ የሞላ ይመስላል። አንተ ሙሉ ነው ብለህ ትሄዳለህ፣ ሞተሩ በጎደለ ዘይት ይሠራል። ተጠምዝዞ መታየት ያለበትን ሳትጠመዝዝ ካየህ ደግሞ የጎደለ ይመስልህና ከልክ በላይ ትሞላለህ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የመካኒክ ክርክር አትስማ፣ ደብተሩን ክፈት።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ዘይት ቀለሙ ንጹህ ስለሆነ ዘንጉ ላይ አይታይም። ወደ ብርሃን አዙረህ አግድም ያዘው፣ የራሰውና የደረቀው የሚገናኙበትን ፈልግ። በአንዱ በኩል ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሎ ካየኸው ሲገባ ግድግዳውን ነክቶ ነው፤ ዝቅ ያለውን እመን፣ ወይም ጠርገህ ድገመው።

ጥያቄ፦ የኔ ሞተር መለኪያ ዘንግ የለውም። በጎን በኩል ትንሽ ክብ መስታወት አለው። በጎን ማቆሚያው አቁሜ ሳየው ባዶ ነው። ዘይት ልጨምርበት?

እባክሽ እህቴ፣ እንዳትጨምሪ! መጀመሪያ ሞተሩን ቀጥ አድርጊው።

በጎን ማቆሚያ ሲቆም ሞተሩ ወደ ግራ ያዘነብላል። ዘይቱም አብሮ ወደ ግራ ይሄዳል። መስታወቱ በቀኝ በኩል ከሆነ፣ ብዙ ጊዜም በዚያ በኩል ነው፣ ከውስጥ ምንም አይታይም። ቀጥ ሲል ግን ዘይቱ ተመልሶ ሁለቱ መስመሮች መካከል ይቆማል።

ይሄን በደንብ የማውቀው ስለደረሰብኝ ነው። መጀመሪያ በገዛኋት ሞተር እንዳንቺው በጎን ማቆሚያ አቁሜ አየሁና ደነገጥኩ። 300 ሚሊ ሊትር ያህል ጨመርኩባት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጉልበቷ ወረደ፣ ጭስ ማብዛት ጀመረች። የአየር ፊልትሮውን ቤት ስከፍተው ስፖንጁ በዘይት ርሶ ነበር፣ ስጨምቀው ዘይቱ በጣቶቼ መካከል ወረደ። ሞተሯ ምንም አልጎደላትም ነበር፤ ያጎደልኩት ማየቱን ነው።

ብቻሽን ከሆንሽ የመሃል ማቆሚያ ካለው እሱን ተጠቀሚ፣ መሬቱ ግን ደልዳላ ይሁን። ከሌለው አንድ ሰው ቀጥ አድርጎ ይያዝልሽ፣ አንቺ ዝቅ ብለሽ እዪ። ዓይንሽ ከመስታወቱ ጋር እኩል ይሁን። ሰው ከሌለ ኮርቻው ላይ ተቀምጠሽ ሞተሩን ቀጥ አድርጊና በስልክሽ ካሜራ መስታወቱን አንሺው። በጣም ይሠራል። መስታወቱ ከውስጥ ጠቁሮ የማይለይ ከሆነ ቀጥ ካለበት ቀስ ብለሽ ወደ ግራና ቀኝ አንቀሳቅሺው፤ ዘይቱ ሲወጣና ሲወርድ መስመሩ ይታወቅሻል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ «ዘይት ሲበዛ አይጎዳም» ሲባል ነው የሰማሁት። እኔም ሁልጊዜ ከላይኛው መስመር አስበልጬ ነው የምሞላው። ስህተት ነው?

አዎ አባቴ፣ ስህተት ነው። ብዙ ሰው እንደ እርስዎ ስለሚያስብ በደንብ ላስረዳዎት።

ከዘይቱ ቋት በላይ የሚሽከረከር ከባድ ክራንክሻፍት አለ። ዘይቱ በልኩ ሲሆን ክራንኩ ከዘይቱ በላይ ነው የሚዞረው። ሲበዛ ግን እየመታው ይዞራል። በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር ሲመታው ዘይቱ እንደተመታ እንቁላል አረፋ ይሠራል። አረፋ ደግሞ አየር ነው፣ አየር ብረትን ከብረት አይለይም። ፓምፑ አረፋውን ሲስብ ግፊቱ ይወርዳል። ለሞተሩ አዝነው የጨመሩት ዘይት ሞተሩን ዘይት ያስርበዋል ማለት ነው።

በዚያ ላይ በውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና ዘይቱን በትንፋሽ ቱቦው ወደ አየር ፊልትሮው ይገፋዋል። ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግዱት ጎሚኒዎች ማላብ ይጀምራሉ። ክራንኩም ዘይት ሲመታ ጉልበት ይባክናል፣ ሙቀት ይጨምራል።

አሁን የበዛውን ለማውጣት መካኒክ አያስፈልግዎትም። ንጹህ ሲሪንጅ ላይ ቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ ይሰኩ፣ በመሙያው አፍ ያስገቡና በትንሽ በትንሹ ይምጠጡ። እያዩ፣ እየመጠጡ። ከላይኛው መስመር ትንሽ ዝቅ ሲል ይተዉት።

ጥያቄ፦ መመሪያው ላይ ሦስት የተለያዩ የዘይት መጠኖች ተጽፈዋል። የትኛውን ነው የምከተለው?

እንደሠራኸው ሥራ ነው። ትንሹ ቁጥር ዘይት ብቻ ስትቀይር ነው። መካከለኛው ከፊልትሮው ጋር ስትቀይር ነው፣ አዲሱ ፊልትሮ ራሱ ዘይት ስለሚጠጣ። ትልቁ ሞተሩ ተፈታትቶ ደርቆ ሲገጠም ነው። ዘይት ስታፈስ ምንም ያህል ብትጠብቅ ውስጥ የሚቀር አለ። ስለዚህ ተራ ቅያሬ ላይ ትልቁን ቁጥር ከሞላህ በዝቷል።

ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉት ብዙዎቹ በቅያሬ 1 ሊትር አካባቢ ይወስዳሉ። ይህ ማለት የ1 ሊትር ጣሳ ሁሉ ተገልብጦ ይግባ ማለት አይደለም። 0.9 ሊትር በሚወስድ ሞተር ላይ የቀረችው 100 ሚሊ ትርፍ ናት። እኔ ከተጻፈው 100 ሚሊ ያህል አጉድዬ እጀምራለሁ። አስነሳለሁ፣ አጠፋለሁ፣ ጠብቄ አያለሁ፣ ከዚያ በጣም በትንሹ እጨምራለሁ። መጨመር ቀላል ነው፣ መቀነስ ነው የሚያስቸግረው።

ጥያቄ፦ የመኪና ዘይት ቤት ውስጥ ተርፎኛል። ብጠቀመው?

ፍሪሲዮንህ የት እንደሚኖር ካወቅህ መልሱን ታገኛለህ። በመኪና ፍሪሲዮኑ ደረቅ ቦታ ነው ያለው። በአብዛኛው ሞተር ሳይክል ግን ፍሪሲዮኑም ማርሹም የሚዋኙት በዚያው በሞተሩ ዘይት ነው። ነዳጅ ቆጣቢ የሚባሉ የመኪና ዘይቶች መንሸራተትን የሚጨምር ቅመም አላቸው። ለመኪና ጥሩ ነው። ላንተ ግን ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ጋዝ ስትሰጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ አይከተልም።

ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) ወይም «ኤምኤ 2» (MA2) የሚል ምልክት ፈልግ። ይህ ዘይቱ ለእርጥብ ፍሪሲዮን እንደሚሆን ይናገራል። «ኤምቢ» የሚለው ፍሪሲዮናቸው ደረቅ ለሆነ፣ ለምሳሌ ለብዙ ስኩተሮች ነው። ውፍረቱን፣ 10ደብሊው-40 ይሁን 20ደብሊው-50፣ ከመመሪያው ውሰድ። የመጀመሪያው ቁጥር በብርድ፣ ሁለተኛው በሙቀት ያለውን ባሕርይ ነው የሚነግርህ።

ጥያቄ፦ ዘይቴ በ500 ኪሎ ሜትር ጠቆረ። ልቀይረው?

በመጥቆሩ ብቻ አትቀይረው። ዘይቱ ጥላሸትና ቆሻሻ እየሰበሰበ ነው፣ ሥራው ነው። መመሪያው በሚለው ኪሎ ሜትር ቀይር። ወደ ወተት የተጠጋ ቀለም ካየህ ግን ውሃ ገብቶበታል፣ ያ አስቸኳይ ነው።

ጥያቄ፦ ምንም ሳልጨምር ዘይቱ ከፍ ብሎ አገኘሁት። ይቻላል?

ይቻላል፣ ደግሞም ከመጉደል በላይ ሊያስፈራህ ይገባል። ዘይት ራሱ አይበዛም፤ ሌላ ነገር ገብቶበታል። ዘንጉን አሽትተው። ቤንዚን ቤንዚን ካለህ የካርቡራተሩ መርፌ በደንብ አልዘጋ ብሎ ነዳጁ ወደ ሲሊንደሩ ከዚያም ወደ ታች ወርዷል። ሞተሩን አታስነሳ። የነዳጁን መክፈቻ ዝጋ፣ መርፌውን አስጠግን፣ ዘይቱን ቀይር። ቤንዚን የቀላቀለ ዘይት ቀጥኖ ብረቱን አይሸፍንም። ሽታ ከሌለውና ወተት ከመሰለ ውሃ ነው፤ በራዲያተር በሚቀዘቅዝ ሞተር ከሆነ የማቀዝቀዣውንም ውሃ እይ፣ ጎድሎ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በየጊዜው ይጎድልብኛል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም።

እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ጭሱን ተመልከቺ። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ቡን ብሎ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ጎሚኒ ጠርጥሪ። ጋዝ ስትሰጪ የሚከተልሽ ከሆነ ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ አልቋል። እስኪጠገን ድረስ በየነዳጅ ቅጂው ዘይቱን እዪ፣ የሞላሽውን መጠንና ኪሎ ሜትሩን ጻፊ። ያቺ ማስታወሻ ለመካኒኩ ብዙ ትነግረዋለች።

ጥያቄ፦ ዳሽቦርዱ ላይ የዘይት መብራት አለ። እሱ ካልበራ ደህና ነኝ አይደል?

አይደለህም። በብዙ ሞተሮች ያ መብራት የሚናገረው ስለ ግፊት እንጂ ስለ መጠን አይደለም። ዘይቱ ከታችኛው መስመር በታች ሆኖም ፓምፑ እስከሳበ ድረስ አይበራም። እየነዳህ ከበራ ግን «እዚያ ድረስ ልድረስ» አትበል። ዳር ይዘህ ወዲያው አጥፋ። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ደግሞ መብራቱ ጭራሽ የላቸውም።

ጥያቄ፦ ቱ ስትሮክ ነው ያለኝ።

ያንተ ሌላ ነው። ዘይቱ ከነዳጁ ጋር አብሮ ይቃጠላል፤ ወይ በነዳጁ ውስጥ ትቀላቅለዋለህ፣ ወይ የራሱ ታንከር አለው። የማርሹ ዘይት ለብቻው ነው፣ የሚታየውም ለብቻው ነው።

ጥያቄ፦ በስንት ጊዜ ልየው?

በሳምንት አንዴ፣ ከረጅም ጉዞ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ። ስትጨርስ መክደኛውን በእጅህ አጥብቅ፣ በፒንሳ አይደለም፤ ኦሪንጉ፣ ማለትም የመክደኛው የጎማ ቀለበት፣ ቦታው ላይ መሆኑንም በጣትህ ዳስሰህ አረጋግጥ።