በእጅ ሲያዝ የሚቆራረጥ የሳተላይት ስልክ

አንድ ጠያቂ፣ እንደ ኢሪዲየም ባሉ በዝቅተኛ ምህዋር በሚዞሩ ሳተላይቶች የሚሠራው ስልካቸው ጠረጴዛ ላይ ሲቆም ሙሉ ሲግናል እንደሚያሳይ፣ ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉት ግን ንግግሩ እየተቆራረጠ እንደሚጠፋ ገልጸው፣ ራሱን የሚያስተካክል አንቴና ያለው ስልክ ቢገዙ ችግሩ ይወገድ እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቀንስላቸው ይሆናል እንጂ አያስወግደውም፤ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ኃይሉ የሚባክነው የት እንደሆነ ይለዩ።

የኢሪዲየም ስልክ በ1616 እና በ1626.5 ሜጋኸርዝ መካከል ስለሚሠራ የሞገዱ ርዝመት ከ18 ሴንቲ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ አንቴናውን የነካ ጣት የተቃኘበትን ድግግሞሽ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከማሠራጫው የወጣው ኃይልም በከፊል ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚህ የተለየው ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ እጅና ጭንቅላት ኃይሉን ውጠው ወደ ሙቀት መለወጣቸው ነው።

በእጅ ስልክ ላይ የተለመደው ራስን የማስተካከል ዘዴ ተመላሹን ኃይል እየለካ የካፓሲተሮችን (የኤሌክትሪክ ሙላት የሚይዙ ጥቃቅን ክፍሎችን) መጠን በመቀያየር አንቴናውን መልሶ ይቃኛል። የሚያክመው የመጀመሪያውን ጉዳት ብቻ ነው። የቆመ ሞገድ ምጣኔው፣ ማለትም አንቴናው ከማሠራጫው ጋር ምን ያህል እንዳልተጣጣመ የሚያሳየው ቁጥር፣ 3 ለ 1 ቢደርስ እንኳ የሚመለሰው ኃይል ከመቶ 25 ስለሆነ፣ ፍጹም ማስተካከያ የሚያተርፍልዎ 1.25 ዴሲቤል (የኃይል ለውጥ መለኪያ) ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ማስተካከያው ራሱ ጥቂት ይበላል። ይባስ ብሎ እጅ የዋጠው ኃይል ወደ ኋላ ስለማይመለስ፣ መለኪያው ሁሉ ነገር የተስተካከለ ሊመስለው ይችላል። ብዙ አንቴናዎችን አቀናጅቶ ጨረሩን ወደ ሳተላይቱ የሚያዞረው ዓይነት የበለጠ አቅም አለው፤ ነገር ግን አንቴናዎቹ በግማሽ ሞገድ፣ ማለትም በ9 ሴንቲ ሜትር ገደማ መራራቅ ስላለባቸው ለተሽከርካሪ ጣሪያ እንጂ ለኪስ ስልክ አይመችም።

ሰማዩ በሚገባ በሚታይበት ሜዳ ላይ አንቴናውን እስከ መጨረሻው ዘርግተው፣ ስልኩን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ማቆሚያ ላይ ቀጥ አድርገው በጆሮ ማዳመጫ ይነጋገሩ። ቀጥሎ የስልኩን የታችኛውን ክፍል ብቻ ይዘው፣ በመጨረሻም ጆሮዎ ላይ አድርገው ይሞክሩ። እያንዳንዱ ሙከራ ከ10 ደቂቃ በላይ ይቆይ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንዱ ሳተላይት አልፎ ሌላው ስለሚተካ የአፍታ ንባብ ያሳስታል። የሲግናል ምልክቱ የሚነግርዎ ስለ መቀበል ብቻ መሆኑንም አይዘንጉ፤ እርስዎ በጥራት እየሰሙ ወዲያኛው ወገን ከተቆራረጠበት የደከመው ማሠራጨቱ ነውና ባትሪውንም ይፈትሹ።

ከታች ሲያዝ ደህና ሆኖ ጆሮ ላይ ብቻ ከተበላሸ፣ ብዙ ጊዜ እንደማየው ምክንያቱ የጭንቅላቱ ከለላና የስልኩ መዘንበል ነው። ማጠፊያ ያለውን አንቴና ስልኩ ቢያዘነብልም ወደ ላይ ቀጥ እንዲል ያዙሩት። ሞገዱ እየተሽከረከረ የሚጓዝ በመሆኑና ከመሬት ሲንጸባረቅ የሽክርክሪቱ አቅጣጫ ስለሚገለበጥ፣ ወደ መሬት የዞረ አንቴና ከነጸብራቁ የሚያገኘው ጥቅም እምብዛም ነው።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ከአዲስ ስልክ ይልቅ የውጭ አንቴና እመርጣለሁ፤ ሆኖም ቀጭን ኬብል በዚህ ድግግሞሽ በሜትር ከግማሽ ዴሲቤል በላይ ስለሚበላ፣ 5 ሜትሩ ከኃይሉ ግማሽ የሚጠጋውን ያባክንብዎታል። ስለዚህ አጭር ወይም ወፍራም ኬብል ይምረጡ።