ቢሮ የወጣልህ ስም ቤትህ ሲገባ

«ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ድርጅት ገንዘብ ያዥ ነኝ። ብር ሁለት ጊዜ ስለምቆጥር ባልደረቦቼ ‹ኤሊ› የሚል ስም ካወጡልኝ ሦስት ዓመት ሆነ። አሁን እኔው ራሴ ‹ኤሊው መጣ› እያልኩ ነው የምገባው፤ ሁሉም ሲስቅ ይቀለኛል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሰው ቆሞ ሲያየኝ አንዴ ብቻ ቆጥሬ እሰጣለሁ፤ ሁለት ጊዜ ጉድለት ከኪሴ ከፍያለሁ። ባለፈው ሰኞ የስድስት ዓመት ልጄ የጫማ ማሰሪያው አልቋጠር ሲለው ‹አንተ ኤሊ!› አልኩት። ባለቤቴ እስካሁን አኩርፋለች። ቀልድ እንዴት አይገባትም?»

ወንድሜ፣ ቀልድ ሳይገባት የቀረ አይመስለኝም። አንተ ሦስት ዓመት የዋጥከው ቃል ልጇ ላይ ሲያርፍ ነው ያየችው።

ከደብዳቤህ ያስደነገጠኝ ጉድለቱ ነው። ደግሞ መቁጠር የሙያህ ጥንቃቄ ነበር፤ ሳቁ ነውር አስመሰለብህና ስሙን ለማስተባበል ስትል ጥንቃቄህን ጣልክ። «ቸኩል» ብሎ ያዘዘህ የለም፤ አንተ ግን ትቸኩላለህ። ብትቆጣም «ለጨዋታ እኮ ነው» ይሉሃል።

ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮድ ማርቲንና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ቀልድን በአራት ከፍለውታል፦ ሰውን የሚያቀራርብ፣ በችግር ጊዜ ራስን የሚያበረታ፣ ሌላውን የሚወጋና ሰው እንዲስቅ ብሎ ራስን የሚያዋርድ። «ኤሊው መጣ» የመጨረሻው ነው። ሌላው ሳይመታህ ቀድመህ ራስህን ትመታለህ። ለጊዜው ያሳርፋል፤ ስሙን ግን በገዛ አፍህ ታጸድቀዋለህ።

የቡና ሰዓቱን ጨዋታ ተው አልልህም፤ እሱ ከሌለ ቀኑም አይገፋም። ስሙን ብቻ ለይተህ አውጣ። በሁሉም ፊት አትናገር። ተረቡን የጀመረውን ሰው ከሥራ በኋላ ወደ ፍቅር ሐይቅ ይዘኸው ውጣና «ጨዋታህን እወደዋለሁ፤ ኤሊ የሚለው ግን ቤቴ ድረስ ገብቶብኛል፣ በስሜ ጥራኝ» በለው። የልጁንም ነገር ሳትደብቅ ንገረው። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ጥቂት ነው። ካልተወ ለኃላፊህ ማመልከት መብትህ ነው። እስከዚያው ስሙን አንተ አትጥራው፤ ሲጠሩህም ፈገግ አትበል፣ ብሩን ደግመህ ቁጠር።

የልጅህ ግን ለነገ አይደር። አጠገቡ ቁጭ ብለህ «ያልኩህ ልክ አልነበረም» በለው፤ እናቱ ባለችበት ይሁን። ከዚያ ማሰሪያውን ራሱ ይቋጥር፤ አንተ እጅህን ሰብስበህ ጠብቀው።